ክፍል አለ

አማሪሎ ዳር ላይ፣ ሜዳው በሰፋበት፣
ነፋስ እንደ ኮርማ ሲያገሳ ባደረበት፣
አንድ ሞቴል አለ፣ ሃያ ሁለት በር፤
በደጁ ቀይ መብራት ሲርገበገብ የሚያድር።
«የለም» የሚለው አምፖል ከተቃጠለ ቆየ፤
«ክፍል አለ» ብቻ ነው መንገደኛ ያየ።
ቢሞላም «አለ» ነው፣ ቢጎድልም «አለ» ነው፤
የኔን ልብ ይመስላል፣ መጥገብ ያልለመደው።

እኔ ቁልፍ አቀባይ፣ የሌሊቱ ዘብ ነኝ፤
ሎተሪ ካልፋቅሁ ጣቴን የሚበላኝ።
ከማዶ ማደያ አምስቱን ገዝቼ፣
በአስራ አራት ቁጥር ቁልፍ አንድ በአንድ ፍቄ አይቼ፣
ብናኙን እፍ ብዬ፣ «ነገ ነው» እያልኩኝ
ሦስት ክረምት ገፋሁ። ሚስቴም ተወችኝ፤
ድስቱን፣ አልጋ ልብሱን፣ ሬዲዮውን ወሰደች፤
ዕዳውን ግን አየችው፣ ለኔው ትታው ሄደች።

ሐስሙክባይ፣ ባለቤቱ፣ አጣቢ ሳያጣ
አንሶላ ያጥባል ራሱ፣ ሌሊቱ እስኪነጣ።
የገንዘብ ስስት መስሎኝ ታዝቤው ነበረ፤
አንድ ቀን ብጠይቀው እንዲህ ተናገረ፦
«ነገ ይቆሽሻል። አውቄ ነው የማጥበው።
ማጠቡ የኔ ነው፤ ንጣቱ ግን የማነው?
ዝራ፣ እረም፣ እጨድ፤ ምርቱን ለባለ ምርቱ።
ፍሬ የሚጠብቅ እጅ ነው የምኞት ቤቱ።»
ከዚያም የሰባት ቁጥርን ትራስ ልብስ አነሳ፤
ስለ ምኞት ያወራነውን እዚያው ረሳ።

ወንድሙ ጃሽቫንት፣ የድሮ ሒሳብ መምህር፣
ሃያ ሁለት ቁጥር ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣
መልስ የለውም፤ ጥያቄ ነው የሚያቀብለኝ፦
«ሎተሪ ፈለግሁ ትላለህ። ፈላጊውን አሳየኝ!
ጥፍርህ ነው? ሆድህ ነው? ወይስ ስምህ ነው?
'እኔ' እያለ የሚጮኸው የት ተቀምጦ ነው?
ፈልገህ አምጣውና እኔ እገዛልሃለሁ
የዓመት ሎተሪህን፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»
ፈላጊዬን ፈለግሁ ሌሊቱን በሙሉ፤
በፈለግሁት ቁጥር ፈላጊ ነው ሁሉ።
አንድ የነበረው ሁለት ሆኖ አረፈው።
ጃሽቫንት ሳቀብኝ፤ ሻዩን ፉት አለው።

ውሃ የሌለው የመዋኛ ገንዳ ዳር፣ ጎህ ሲቀድ፣
የእህታቸው ልጅ ኒሻንት
እስትንፋሱን ሲቆጥር አየዋለሁ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ።
«ምኞት እንግዳ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
«መዝግበው፣ ቁልፍ ስጠው፣ ሻንጣውን ግን አትሸከም፤
ረፋዱ ላይ ይለቃል፤ ማንም እዚህ አይከርም።»
የኔው ግን ሦስት ዓመቱ። ኪራይም አልከፈለም።

ኮኪላቤን፣ የሐስሙክ ሚስት፣ ከቁልፍ መስቀያው ስር
አላት የነሐስ ሕፃን፣ ክሪሽና፣ እንደ ልጅ የሚኖር።
አውራ ጣት ቢያህል ነው። በወተት ታጥበዋለች፣
ሙቀት ሲበረታ በፖስታ ካርድ ታራግበዋለች፣
ቅቤና ስኳር አቅርባ «ትንሽ ቅመስ» ትለዋለች።
«ምኞትን እንዴት ገደልሽው?» ብላት ደነገጠች፦
«ምን በደለኝና? ዳርኩት እንጂ!» አለች።
«ለሱ ዳርኩት፤ ከእንግዲህ የሌላ ደጅ አይጠናም።»

ያን ሌሊት ከእጄ ላይ ያልተፋቀውን ወስዳ
ከቅቤው ሳህን ሥር አኖረች፣ እንደ መባ፣ እንደ ዕዳ።
«ከወጣም የሱ ነው፤ ካልወጣም የሱ ነው።»
«እኔስ?» ብላት፣
«አንተም» ብላ መብራቱን አጠፋች።

አራት ወር ሆነው። ጠርዙ ቅቤ ጠጥቷል።
ቀኑ ሊያልፍ፣ ሳምንት ቀርቷል።
ነጻ ወጣሁ አልልም። ሁለቴ ሳህኑን አንስቼ
ያን የነሐስ ሳቅ ሳይ መልሻለሁ ፈርቼ፤
ፈርቼ ይሁን አፍሬ፣ እኔ እንጃ።
ጥፍሬ ግን ያሳክከኛል።

ትናንት ሃያ ሁለቱም በር ሞልቶ ሳለ
አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ዓይኑ ደም የመሰለ፣
«ክፍል» አለኝ። «ሞልቷል» አልኩት።
ጣቱን ወደ ደጅ ቀሰረ፦
«መብራቱ እኮ 'አለ' ይላል።»

ሶፋዬን ለቀቅሁለት፤ ብሩን አልቆጠርኩም፣
ስሙንም አልጻፍኩም።
ወጥቼ ቆሜ አደርኩ፣ ነፋሱ እያገሳ።
ከራሴ በላይ «አለ»፣
ደግሞ ጥቂት ጨለማ፣
ደግሞ «አለ»።